ከመደቡ የሚጀምር ቤት፦ ስለ ሐረር ጁገል ኪነ ሕንፃ የቀረበ ዲስኩር



በግንብ ስለታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ስለ ጁገል ቤቶች እንድናገር ስጋበዝ ደስ ብሎኛል፤ ነገሬን ግን በክስ ነው የምጀምረው። ተከሳሾቹ እኛው ነን፤ አርክቴክቶች፣ የቅርስ ባለሙያዎች፣ አስጎብኚዎችና ካሜራ ያንጠለጠልን ጎብኚዎች። ጁገልን ስናይ የኖርነው ከደጅ ሆነን ነው። ሮዝ የተቀባ ግድግዳ፣ አረንጓዴ በር፣ በጠባቡ መንገድ ዕቃዋን በራሷ ተሸክማ የምታልፍ ሴት። በየፖስት ካርዱና በየስልኩ ያለው ፎቶ ይኸው ነው። ፎቶው ያምራል፤ ኪነ ሕንፃው ግን አልገባበትም። የሐረሪ ቤት ጥበቡን ያስቀመጠው ከበሩ ወዲያ ነው። እኛ ከበሩ ወዲህ ያለውን ብቻ ስንጠብቅ ገንዘባችንም ድካማችንም ከቤቱ ትንሹ ነገር ላይ ያልቃል። የዛሬው ንግግሬ ይህ ነው፤ የሚቀጥለው ሁሉ ማስረጃ ነው።

ከግንቡ ልነሣ፤ ምክንያቱም ከተማዋ ራሷ እንደ ቤቶቿ ፊቷን ወደ ውስጥ ያዞረች ናት። ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ እንደሆኑ ይነገራል፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. የ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ጦር ይመሩ የነበሩት ኢማም አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1543 ከወደቁ በኋላ ሐረር ጦሯን አጥታ ባዶ እጇን የቀረችበት ጊዜ ነበርና፣ ግንቡ የጥጋብ ሳይሆን የጭንቅ ሥራ ነው። ርዝመቱ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ይጠጋል፤ ከፍታው አራት ሜትር ገደማ ነው፤ በውስጡ ያለው መሬት 48 ሄክታር ነው። ዳገቱን የለመደ ሰው ከዳር እስከ ዳር በሩብ ሰዓት ያቋርጠዋል። በዚህች ቦታ ላይ ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መካነ መቃብሮች ተቆጥረዋል። አብዛኞቹ መስጊዶች የሰፈር መስጊዶች ናቸው፤ ሚናሬታቸው እንኳ ከጎረቤት ጣሪያ ብዙም አይርቅም። ከሩቅ ተለይቶ የሚታየው መሐል ላይ ያለው ጃሚዕ መስጊድ ነው።

በሮቹ አምስት ነበሩ። በአማርኛ ሸዋ በር፣ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በር እንላቸዋለን። የጁገል ሰው ደግሞ በራሱ ቋንቋ አስማዲን በሪ፣ አሱም በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ ሱቁጣጥ በሪ፣ በድሮ በሪ ይላቸዋል። ከተማዋ የተከፋፈለችውም በእነዚሁ በሮች ነው፤ እያንዳንዱ ሰፈር የሚጠራው በበሩ ስም ነው። ዛሬ መኪና የሚገባበት ሐረር በር የኋላ ዘመን ሥራ ነው። በግንቡ እግር ላይ ደግሞ ማንም አስጎብኚ ሳያሳይ የማያልፋቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ማታ ጅብ በዚያ ገብቶ የከተማዋን ትራፊ ጠራርጎ ይወጣል። ብዙ ከተሞች ደሞዝ ከፍለው ያላገኙትን የጽዳት አገልግሎት ሐረር በአጥንት ብቻ አግኝታለች ማለት ነው።

መንገዶቹ ጠባብ ናቸው። አስጎብኚዎች የዕርቅ መንገድ በሚሏት ቀጭን መተላለፊያ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ከተገናኘ አንዱ ጎኑን ማዞር አለበት፤ የተኳረፉ ቢሆኑም መነካካታቸው አይቀርም ይላሉ። ጨዋታ ነው። ጥበቱ ግን በቂ ምክንያት አለው። ግድግዳው ለግድግዳው ጥላ ይጥላል፤ ቤቶቹ ግድግዳ ስለሚጋሩ ድንጋይም ይቆጠባል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ መንገዱ የማንም ቤት ፊት አይደለም። በመንገዱ የምታዩት ግድግዳ የግቢ ግድግዳ ነው። በአንድ በር ሲገባ ግቢ አለ፤ በግቢው ዙሪያ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቤቶች አሉ። የቤቶቹ በር የሚከፈተው ወደ ግቢው ነው። ሀብታሙም ድሃውም ለመንገዱ የሚሰጠው ያንኑ የድንጋይ ግድግዳ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በታኅሣሥ 1847 ዓ.ም. ገብቶ አሥር ቀን ያህል ሲቆይ ከተማዋ ብዙም አላስደሰተችውም። አይፈረድበትም፤ ያየው በአብዛኛው ደጁን ነዋ።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ፤ ጫማችሁን በሩ ላይ አውልቁ።

የገባችሁበት ትልቁ ክፍል ጊዲር ጋር ይባላል። ብርሃኑ የሚመጣው በአብዛኛው ከበሩ ነው፤ ስለዚህ ዓይናችሁ እስኪለምድ ጥቂት ትቆማላችሁ። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የምታዩት ወለሉ አንድ አለመሆኑን ነው። ከቆማችሁበት ጀምሮ ክፍሉ ደረጃ በደረጃ ከፍ ይላል፤ በድንጋይና በጭቃ ተገንብቶ የተለሰነ፣ በቀይ አፈር ቀለም የተቀባ፣ ምንጣፍና ትራስ የተደረደረበት መደብ ነው። ሐረሪው ነደባ ይለዋል። ነደባዎቹ አምስት ናቸው። አሚር ነደባ ከፍ ያለው ነው፤ የቤቱ ባለቤትና የከበረ እንግዳ ቦታ፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው በበሩ የሚገባውን ያያል። ጊዲር ነደባ ሰፊው ነው፤ ብዙው እንግዳ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ጢት ነደባ አነስ ዝቅ ያለው ነው። ጋብቲ ሄር ነደባ ከበሩ ኋላ ያለው ነው። ሱትሪ ነደባ ደግሞ ከዓይን ገለል ያለው ነው።

እንግዳ ሲገባ የት እንደሚቀመጥ ማንም አይነግረውም፤ ከፍታው ይነግረዋል። በክፍሉ ውስጥ ወንበር የለም፣ ከምንጣፉና ከትራሱ በቀር የሚንቀሳቀስ ዕቃ የለም ማለት ይቻላል። ሌላው አገር በወንበርና በጠረጴዛ የሚያደርገውን የሐረር ግንበኛ በግንብ አድርጎታል። ከመንገድ ላይ ሁሉም ቤት እኩል ነው ብያችኋለሁ። ደረጃው፣ ማዕረጉ፣ የማን ታላቅነትና የማን ታናሽነት የሚታየው እዚህ ነው። ይህን ሳሞግስ አንድ ነገር ልረሳ አልፈልግም፦ ሥርዓቱ የተበጀው ባርነት በነበረበት ዘመን ነው። ከበሩ ኋላ ያለው ዝቅተኛ መደብ ማንን ሲያስቀምጥ እንደኖረ መጠየቅ ያለብን እኛው ነን። ቅርስን የምንወደው ጥላውን ፍቀን ከሆነ፣ የምንወደው ሌላ ነገር ነው።

ግድግዳውን ተመልከቱ። በውፍረቱ ውስጥ የተቦረቦሩ መስኮት መሳይ ጉድጓዶች አሉ፤ ጣቀት ይባላሉ። ዋናው ግድግዳ ላይ አሥራ አንድ ማድረግ የተለመደ ነው። መጽሐፍ፣ ሳህን፣ ሽቶ፣ አፍለላ የሚባሉት ጥቋቁር ክዳናም ዕቃዎች ይቀመጡባቸዋል። ከጣቀቱ ውጭ ያለውን ግድግዳ የሞላው የሴቶቹ እጅ ነው። ስፌት በየመጠኑና በየጥለቱ፣ ከዚያም ባለ ቀለም የብረት ሳህን፣ የእንጨት ገበታ። እኛ በሙያችን ጌጥ ብለን እናልፈዋለን። ቆማችሁ ብታዩት ግን ግድግዳው ሲሠራ ስፌቱ እንደሚሰቀልበት ታስቦ መሠራቱን ትረዳላችሁ፤ ጣቀቶቹ የተቀመጡት ለስፌቱ ቦታ ትተው ነው። ስፌቶቹ ወርደው ለገበያ የተሸጡበት ቤት ገብቼ አውቃለሁ። ግድግዳው ያለ ምክንያት የቦረቦሩት ይመስላል።

ከበሩ በላይ ያለውን አግዳሚ እንጨት አትዝለሉት። ምንጣፍ ተጠቅልሎ የሚቀመጥበት ነው፤ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል። ከጊዲር ጋር ጎን ኪርታት አለ፤ ሙሽሮች የመጀመሪያዎቹን የጫጉላ ቀናት የሚያሳልፉባት ጠባብ ክፍል። ዴራ የጓዳ ዕቃ ማስቀመጫው ነው። ከእነዚህ በላይ ቀላ የሚባለው ቆጥ አለ፤ በጥንቱ አሠራር ዕቃ ማከማቻ ነበር፤ በኋላ በተቀረጸ የእንጨት ደረጃ የሚወጣበት መኝታ ሆነ። ጣሪያው በተርታ የተደረደረ ድቡልቡል ግንድ ነው፤ ኮርኒስ አይሸፍነውም።

ወለሉና መደቡ ለምን ቀይ ሆነ ብትሉ፣ ሐረሪዎች የሚሰጡት መልስ ጨለንቆ ነው። በ1879 ዓ.ም. የሐረሩ አሚር የዐብዱላሂ ጦር ከምኒልክ ጦር ጋር ገጥሞ የተሸነፈበት፣ ብዙ የከተማዋ ሰው ያለቀበት ቦታ። ቀዩ አፈር የዚያ ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ። ልማዱ ከዚያ በፊት ነበረ አልነበረም ብሎ የሚከራከር ሊኖር ይችላል፤ ለእኔ ዋናው ነገር ሌላ ነው። ሌላው ሕዝብ ሐውልቱን አደባባይ ላይ ያቆማል፤ እዚህ መታሰቢያው ሰው በሚቀመጥበት፣ በሚበላበት፣ ሰርግ በሚደግስበት መደብ ላይ ነው። በየጊዜው መቀባት ስላለበትም በየጊዜው ይታደሳል።

ፊቱን ወደ መንገድ ያዞረ ቤት ወደ ጁገል የገባው ዘግይቶ ነው። ግብፆች ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ከተማዋን ሲይዙ ፈረስ መጋላ የተባለውን አደባባይ አሰፉ፤ ዛሬ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በቆመበት ቦታ ላይም መስጊድ ሠርተው ነበር። ከዚያ በራስ መኰንን ዘመን ንግዱ ሲደራ የህንድ ነጋዴዎች መጡ፤ ከእነሱም ጋር አናጢው መጣ። ባለ ፎቅ ቤት፣ ከመንገዱ በላይ የተዘረጋ የእንጨት በረንዳ፣ የተፈለፈለ መስኮት፣ አበባ የተቀረጸበት ሳንቃ። ተፈሪ መኰንን በወጣትነታቸው የኖሩበት የሚባለውና ዛሬ የዐብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ያለበት ቤት የዚህ ዘመን ሥራ ነው። የራምቦ ቤት የሚባለውም እንዲሁ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በሐረር መኖሩና መነገዱ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን የሞተው በ1884 ዓ.ም. ነው፤ ይህ ቤት ደግሞ ከሱ ሞት በኋላ የተሠራ ነው። ጣሪያው በሥዕል የተዋበ፣ መስታወቱ ባለ ቀለም የሆነ ግሩም ቤት ነውና ራምቦ ባይኖርበትም ምንም አይጎድልበትም። የሚገርመኝ ጎብኚው ወረፋ ይዞ የሚገባው እነዚህን ሁለቱን መሆኑ ነው። እኔም እወዳቸዋለሁ። የሐረሪን ቤት ለማየት የመጣ ሰው ግን እነሱን አይቶ ከተመለሰ፣ ያየው ሐረሪዎች ከህንዶች የተማሩትን እንጂ የራሳቸውን አይደለም። ቀላ ላይ የሚወጣው የተቀረጸ ደረጃ የመጣው ከህንዶቹ ነው፤ ነደባው ግን አልተነካም።

ወደ አፈርና ድንጋዩ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ወጣት ባለሙያዎች ልብ በሉልኝ።

ግድግዳው ከአካባቢው በሚወጣ ሐሺ በሚሉት ድንጋይና በጭቃ የተገነባ ነው፤ ላዩን ጭቃ ይመረጋል፣ ኖራ ይቀባል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል። መሳቡ ችግር አይደለም፤ ኖራው ስለሚያስተነፍሰው እርጥበቱ በበጋ ይወጣል። አሁን በየሰፈሩ የምናየው ግን የሲሚንቶ ልስን ነው። አንድ ቤት ውስጥ፣ የቤቱ ባለቤት የሆኑ እናት ጠርተውኝ፣ ግድግዳውን በጣቴ ቆርቁሬ ነበር። ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ልስኑን በእጅ ስንገፋው እንደ ቂጣ በአንድ ገጽ ተነሣ፤ ከኋላው ነጭ ጨው፣ ከጨው ኋላ ደግሞ ጭቃው ዱቄት ሆኖ የፈሰሰበት ድንጋይ ነበር። ሲሚንቶው መውጫ ስለዘጋበት እርጥበቱ ወደ ላይ ወጣ፣ ጨዉን ይዞ። ልስኑን ያስደረጉት ቤታቸውን ስለወደዱ ነው፤ ገንዘብም አውጥተዋል። ያለሰነው ግንበኛም ክፉ ሰው አይደለም፤ ኖራ ማብሰል ያስተማረው የለም፤ ሲሚንቶ ደግሞ በየሱቁ ይሸጣል።

በጣሪያው ግን ከአንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። የጥንቱ ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው፤ ከግንዱ በላይ ጭራሮና አፈር ተደልድሎ ይደቀደቃል። ይህ ከዝናብ በፊት በየዓመቱ ሰው ወጥቶ የሚደቀድቀው ጣሪያ ነው። የሚወጣ ጎልማሳ ልጅ በሌለበት ቤት፣ ልጆቹ ቶሮንቶ ወይም ዋሽንግተን ባሉበት ቤት፣ አሮጊቷን እናት ቆርቆሮ ለምን አለበሱ ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። ቆርቆሮው ላይ ያለኝ ክስ ሌላ ነው፦ አሸንዳ የለውም። ድሮ በየቦታው ተከፋፍሎ ይወርድ የነበረው ዝናብ አሁን በአንድ ጠርዝ ተሰብስቦ የጎረቤት ግድግዳ እግር ላይ ይወርዳል። የሚያንጠባጥብ የቧንቧ መስመር ሲጨመርበት ግድግዳው ከመሠረቱ ይላላል። አሸንዳ ማሠራት ግድግዳ ከመቀባት ይረክሳል። በአሸንዳ ፊት ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን ግን እስካሁን አላየሁም።

ሌላው ጉዳት የመጣው በዝናብ አይደለም። ኩሉብ የተባለው የሐረሪዎች የፖለቲካ እንቅስቃሴ በ1940 ዓ.ም. ከታፈነ በኋላ ብዙ የሐረሪ ቤተሰቦች ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌላም ተሰደዱ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ከጁገል ቤቶች በርካቶቹ የቀበሌ ቤት ሆኑ። የቀበሌ ቤት ውስጥ ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ይገባል፤ ጊዲር ጋሩ በብሎኬት ወይም በኮምፔንሳቶ ይከፈላል፤ አልጋ ለማስገባት ነደባው ይናዳል፤ ወለሉ ሊሾ ይሆናል። ከደጅ ስታዩት ያው ሮዝ ግድግዳ ነው። ፎቶም ይነሣል። ቅርሱ ግን ካርታ ላይ ምልክቱ እንዳለ ከውስጥ ካለቀ ቆይቷል። ተከራዮቹ የሚኖሩበት ሌላ ቤት የላቸውምና ጣቴን ወደ እነሱ አልቀስርም። የምለው፣ የቅርስ መዝገባችን ይህን ጥፋት ሊያይ አይችልም ነው። የምዝገባ ቅጹ ላይ ያሉት ጥያቄዎች የፊት ለፊት ግድግዳ፣ በርና መስኮት፣ ቀለም፣ ጣሪያ ናቸው። ስንት ነደባ ቀርቷል ብሎ የሚጠይቅ መስመር የለም። ዩኔስኮ ከተማዋን ሲመዘግብ የቤቱን የውስጥ አሠራር ለይቶ ማድነቁን ስታስቡት ነገሩ ይበልጥ ያስገርማል።

ነደባውን በሙዚየም ማስቀመጥም ይቻላል፤ ኤረር በር አካባቢ ባለው የባህል ማዕከል የተሟላ የሐረሪ ቤት ተሠርቶ ይታያል፤ ለትምህርት ግሩም ነው። ሆኖም መደብ የሚኖረው የሚቀመጥበት ሲኖር ነው። አፎቻው፣ ማለትም በለቅሶና በሰርግ የሚሰበሰበው ማኅበር፣ አሁንም አለ። አፎቻ ባለበት ሴቶቹ ሃያና ሠላሳ ሆነው አንድ ቤት ይገባሉ። ያን ያህል ሰው በሶፋ አታስቀምጡትም፤ በነደባ ግን ይቀመጣል። በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የሐረሪዎችን የሹዋሊድ በዓል በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ ብዙ ሰው ተደስቷል። እኔም ተደስቻለሁ፤ ግን በዓሉና ቤቱ በሁለት የተለያዩ ፋይሎች መቀመጣቸው አይዋጥልኝም። በዓል ሲመጣ ቤቱ ይቀባል፣ እንግዳ ይመጣል፣ መደቡ ይሞላል። ቤቱን የሚያድሰው እንግዳው ነው።

ስለዚህ ለጥገና የሚወጣ ገንዘብ ካለ ቅደም ተከተሉ ይህ ቢሆን እላለሁ። መጀመሪያ ጣሪያ፣ አሸንዳና የቧንቧ መስመር፤ ምክንያቱም ውሃ ካልተያዘ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ ነደባና ጣቀት፤ የፈረሰው ባለበት ቤት መልሶ እንዲገነባ ለባለቤቱም ለተከራዩም ድጋፍ። ኖራ ማብሰልና ማቡካት የሚችሉ ጥቂት አዛውንት ግንበኞች ሳይሞቱ ወጣቶችን ቀጥሮ ከሥራቸው ማስቀመጥ፤ ለአዛውንቶቹም ለሥልጠናው ሳይሆን ለሥራው የሚገባ ደሞዝ። የደጁ ቀለም መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ እሱን የሰፈሩ ሴቶች ያለ ፕሮጀክት ሲያደርጉት ኖረዋል።

ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተማሪዎች የለኩት የአንድ ቤት ፕላን አለ። የነደባዎቹ ከፍታ በሴንቲ ሜትር ተጽፏል። ማን የት እንደሚቀመጥ ግን ባዶ ትተነዋል፤ እርሳስ አስቀምጠናል። እናቶቼ፣ ሻይ እስኪመጣ ድረስ እዚያ ሄዳችሁ ብትሞሉልን፣ የተሳሳተውንም መስመር ብትሰርዙልን ወጣቶቹ አጠገባችሁ ቆመው ይጽፋሉ። ጥያቄ ያለው ደግሞ እኔ እዚሁ ነኝ።